ሞጣ አጠገብ የነበረችው ምጽዋ

የጋሽ ሰይፉን ማረፍ በስልክ የነገረችኝ ልጁ ሄለን ናት። መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፤ ቀጥላ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ። ሰው በስልክ ሰላምታ ሲያረዝም ምን ይዞ እንደመጣ የማውቅበት ዕድሜ ላይ ነኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እትዬ ብርቄ፣ አባዬ ትናንት ጠዋት አረፈ» አለችኝ። ማልቀስ ሲገባኝ ሳቅ መጣብኝ። ልጅቷን እንዳላስቀይም አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። እሷ ግን ሰምታኛለች። «አውቄያለሁ፣ ውሃው ትዝ ብሎሽ ነው» አለችና እያለቀሰች ሳቀች።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ፣ ሁሉም አዋቂ ነበር ይባላል። እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። ጋሽ ሰይፉ ነዝናዛ ነበር፤ ያልተጠየቀውን ይመልሳል፤ ሲያስፈልገውም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይዋሻል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ከፊት የማስቀምጠው። ባሌ ድሮ ይህን ሲሰማ ያኮርፍ ነበር፤ አሁን ተስማምቷል።

በደርግ ጊዜ ቢቸና ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጋሽ ሰይፉ እዚያው ሳይንስ ያስተምር ነበር። አጠር ያለ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ድምፁ ሁለት ክፍል አልፎ የሚሰማ ሰው ነው። ትውልዱ ሮብ ገበያ ነው፤ ያ ደግሞ በበጋም ጋቢ የማይወልቅበት ደጋ ነው። እንዲያ ካለ ብርድ የወጣ ሰው ወሬው ሁሉ ባሕር ነበር። በወጣትነቱ ምጽዋ አራት ዓመት አስተምሯል። የውሃ ወሬ ሲነሳ፣ ቢሮ ውስጥም ቢሆን፣ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልላል። ተማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ፈተና ሲፈሩ «ቲቸር፣ የባሕር ውሃ ለምን ጨው ሆነ?» ይሉታል። ሱሪው ይጠቀለላል፣ ፈተናው ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

አንድ አባባል ነበረው፤ «ቀላል ነው»። ጄኔሬተሩ ሲቆም ቀላል ነው። ጠመኔ ሲያልቅ ቀላል ነው። አንድ ሐሙስ በውይይት ክበብ ተሰብስበን ሳለ አወያዩ መዝናናት የቡርዣ ባሕርይ መሆኑን ሲያብራራ ጋሽ ሰይፉ እጁን አወጣ። «ጓድ፣ ሠርቶ አደሩ ገላውን አይታጠብም?» አለ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩና ልጻፈው ልተወው ብዬ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። አወያዩ ትንሽ አሰበና «ይታጠባል» አለ። «እንግዲያው ተግባብተናል» ብሎ ጋሽ ሰይፉ ተቀመጠ። ሌላ ሰው እንዲያ ቢናገር የት እንደሚያድር እናውቃለን። እሱን ያዳነው ማንም እንደማይነካው እርግጠኛ መሆኑ ነው፤ እርግጠኝነቱ ወደሌላው ሰው ይጋባ ነበር።

ባለቤቱ ሲስተር ምሕረት የክሊኒኩ ነርስ ነበረች። የምጽዋ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ከሰው ጋር ብዙ የማታወራ። «ስትዋኝ ነው ያየኋት» ይል ነበር ጋሽ ሰይፉ። «ጭንቅላቷ ብቻ ከውሃው በላይ ሲሄድ አየሁ። ይቺ ሴት እግር የላትም እንዴ ብዬ ዳር ቆሜ ጠበቅኳት። ወጣች፤ እግር አላት።» ወደ ቢቸና ሲዛወር ሁለት ዓመት ብቻ ቆይተን እንመለሳለን ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። በመሃሉ ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በጦርነቱ ተዘጋና አምስተኛ ዓመታቸውን ያዙ። ትልቁ ልጃቸው ዳንኤል ከምጽዋ የወጣው በሕፃንነቱ ነው፤ ሄለን እዚሁ ተወለደች። ሁለቱም ከቢቸና ወንዝ የበለጠ ውሃ አያውቁም።

ምሕረት ሥራ ላይ ስትሆን እጇ የማይስት ነርስ ናት። ቤቷ ስትገባ ግን ይደብታታል። አንድ ቀን መርፌ ስትወጋኝ «እዚህ አገር ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ፤ ሁሉ ተራራ፣ ሁሉ ማሳ» አለችኝ። አገሬ ነውና ትንሽ ከፋኝ። መርፌው በእጇ ስለነበር ግን አልተከራከርኳትም።

ጋሽ ሰይፉ ምጽዋ ካልተቻለ ሶደሬ እወስዳታለሁ አለ። ሶደሬን ለኮርስ በሄደበት አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ፍል ውሃውን፣ የመዋኛ ገንዳውን፣ የሰው ምሳ የሚቀሙትን ጦጣዎች። ከሶደሬ ወደ ላንጋኖ፣ በጥር ዕረፍት፣ ከነቤተሰቡ አሥር ቀን። እንዲህ ያለ መንገድ በዚያ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት አይታሰብም። ማመልከቻውን የምመታለት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት «ለዘመድ ጥየቃ» አልን፤ አልተፈቀደም። በሁለተኛው ዓመት «ለጤና» አልን፤ አልተፈቀደም። በሦስተኛው ዓመት «ብርቄ፣ እስቲ ደግሞ እውነቱን እንጻፈው» አለኝና «ቤተሰቤን ውሃ ለማሳየት» ብዬ መታሁት። ወረቀቱ ሲመለስ ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ውሃ እዚሁ ሞልቷል» ተብሎ ተጽፎበታል። እኔ በእሱ ፈንታ አፈርኩ። እሱ ሁለት ጊዜ አነበበውና ጎንበስ ብሎ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ሲስተር ምሕረት የጠየቀችው ዝውውር መጣላት። አሥመራ፣ አክስቷ ያለችበት። ከጥር ዕረፍት በኋላ ሥራ እንድትጀምር ታዝዛለች። ለእሱ ግን ዝውውር አልተገኘም። ነገሩን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ቢሮዬ ገብቶ ቆመ።

«ልጆቹን ይዛ ልትሄድ ነው» አለኝ።

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን አፍ አለኝ? ሁለት ዓመት ብዬ አምስት ዓመት ያቆየኋት እኔ።»

«አትሂጂ አትላትም?»

«ብያታለሁ። ‹ባሕሩን እዚህ አምጣውና እቀራለሁ› አለችኝ።» በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ። «ቀላል ነው» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን ከእኔ ቢሮ አላለፈም።

ጤነኛ ሰው የከፋት ሴት የተናገረችውን እንደ ሥራ ትእዛዝ አይቀበልም። እሱ ተቀበለ።

እህቴ ጥሩወርቅ ሞጣ አጠገብ አያ ፈንቴ የሚባል ገበሬ አግብታ ትኖር ነበር። ከቤታቸው በታች ጅረት ይወርዳል። ጋሽ ሰይፉ ይህን ከእኔው ወሬ ያውቃል። ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ በጭነት መኪና ሞጣ ደርሶ መጣ፤ ሲመለስ ጥፍሩ ሁሉ ጭቃ ነው። ከአያ ፈንቴ ጋር ምን እንደሚሠሩ አልነገረኝም። እኔን ያዘዘኝ ትኬት እንድመታ ብቻ ነው። በስቴንስል አባዝቼ ሰጠሁት። «የመግቢያ ትኬት። ሸርተቴው ላይ መገፋፋት ክልክል ነው። ጦጣዎቹን መመገብ ክልክል ነው።» ጦጣ ከየት ይመጣል ብዬ ብጠይቀው «ቀላል ነው» አለኝ።

ሲስተር ምሕረት ሞጣ ለመሄድ እሺ ያለችው ለትኬቱ ብላ አይደለም። አሥመራ የሚወስዳት አውሮፕላን የሚነሳው ከባሕር ዳር ነው፣ ሞጣ ደግሞ መንገዷ ላይ ናት። «ሳምንቱን ከልጆቹ ጋር ይሁን። ቅዳሜ ከዚያው አልፋለሁ» አለች። ሻንጣዎቿን ሁሉ አሰናድታ ነው የተነሳችው። እኔም ሁለት ልጆቼን ይዤ ዕረፍቴን እህቴ ዘንድ ላሳልፍ አብሬ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሰይፉ ከኋላ ሁለት ነገር ጭኗል፤ ከትምህርት ቤቱ ፈርሞ የተረከበውን ግማሽ በርሜልና አንድ ጆንያ ጨው። መንገዱን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ሲዘፍን ምሕረት በጋቢናው መስኮት ማሳውን ታይ ነበር።

በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት ትኬታችንን ይዘን ወረድን። ጅረቱ ዳር ሦስት ገንዳ ተቆፍሯል። ግድግዳቸው በድንጋይና በጭቃ ተለስኖ፣ ከጅረቱ ውሃ በቦይ ተጠልፎላቸው፣ በየፊታቸው በኖራ የተጻፈበት ሳንቃ ቆሟል። ትንሹ «ሶደሬ» ነው። አጠገቡ አያ ፈንቴ እሳት አንድዶ ድንጋይ ያግላል፤ የጋለውን በአካፋ ዝቆ ውሃው ውስጥ ሲጥለው ቹስ ይላል፣ ልጆች ይንጫጫሉ። ጦጣ ስላልተገኘ አራት የሰፈር ልጆች ዛፍ ላይ ወጥተው ጦጣ ሆነዋል። ሥራውን ከምር ይዘውት ነጠላዬን ቀምተው አንጠለጠሉብኝ። ሁለተኛው «ላንጋኖ» ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው ብሎ ቀይ አፈር በጥብጦበታል። ከበላዩ ያለው ቁልቁለት ተልጎ ውሃ እየፈሰሰበት ሸርተቴ ተደርጓል፤ ሰዉ ቁርበት ላይ ተቀምጦ እየተንሸራተተ ላንጋኖ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻውና ትልቁ ገንዳ «ምጽዋ» ነው። ጥልቀቱ ወገብ ይደርሳል፤ ግማሽ በርሜሉ መርከብ ሆኖ ተንሳፍፎበታል።

ወሬው ሞጣ ከተማ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ ክርስቲያኑም እስላሙም ልጆቹን አስከትሎ ወረደ። ትኬት አለቀ። እህቴ በር ላይ ቆማ ትኬት የሌለውን በስሙ እየጠራች ታስገባለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሳቀ ሕዝብ አላየሁም። እኔም ቁርበት ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተንሸራትቻለሁ። ቢቸና ተመልሼ ስናገር ማንም አላመነኝም።

ሲስተር ምሕረት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አላወለቀችም። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፣ የዝውውር ደብዳቤው ቦርሳው ውስጥ። ጋሽ ሰይፉ በቁምጣ ምጽዋ ውስጥ ወገቡ ድረስ ቆሞ ከጆንያው ጨው እየዘገነ ይበትናል። ፊቱ ላይ ያለውን ተስፋ ሳይ ለሱ ፈራሁ።

«ምሕረት፣ እስቲ ነይ ቅመሺው» አላት።

መጣች። ጎንበስ ብላ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ሁላችንም አፍ አፏን አየን።

«ይሄ ወጥ ነው» አለች።

«ጨው ይጨመርበት?»

«ሰይፉ፣ ባሕር ዳርቻው አይታይም።» እጇን ዘርግታ ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳየችው። «ይሄ የአንተ ደግነት ነው። ደግነትህ ጠፍቶኝ አያውቅም። ባሕር ግን አይደለም።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች። እሱ የጆንያውን ጨው አንድ ሳያስቀር አራገፈው።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የእኛ አገር ከብት አሞሌ እየላሰ ያደገ ነው። ጨው ካለ ገደል አያግደውም። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም፤ አያ ፈንቴ በድንጋዩ ተጠምዶ ዘነጋው፣ የሮብ ገበያው ልጅ ደግሞ በባሕሩ። መጀመሪያ አንዲት ቀይ ላም ወርዳ ቀመሰች። ቀና ብላ ረጅም እምቧ አለች። ከዚያ ከተረተሩ ላይ የነበረው መንጋ በሙሉ ቁልቁል መጣ። ጦጣዎቹ ከዛፍ አልወርድም አሉ። ጋሽ ሰይፉ ዱላ ይዞ በቁምጣው በሬ ከባሕር ሊመልስ ሞከረ። ማን ሰምቶት? ምጽዋን ከበው ጠጧት። ግድግዳው በክብደታቸው ተናደና የተረፈው ውሃ ግማሽ በርሜሉን ይዞ ወረደ።

ከገንዳዎቹ በታች ጅረቱ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ኩሬ አለ። ሰው ይስባል ስለሚባል የአገሩ ሰው አይጠጋውም። በርሜሉ እዚያ ገብቶ ዘመም ማለት ጀመረ። በርሜሉ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በዚያ ዘመን የተፈረመበትን የመንግሥት ንብረት ማጥፋት የሚያመጣውን ጣጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ሰይፉ ሮጠ። ከድንጋይ ድንጋይ ዘለለ፣ ተንጠራራ፣ የበርሜሉን ጠርዝ ነካ፣ ገባ።

እኛ አጨበጨብን። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ባሕር ያወራልን ሰው ነው። ራሱ ሲጠፋ «ጠለቀ» አልን። እጁ ብቅ ሲል ሰላም እያለን መሰለን። አያ ፈንቴ አካፋውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ «እንዲህ ነው እንጂ የውሃ ሰው» አለ። ልጆቹ በአባታቸው ኮርተው ይዘላሉ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩ እኔ ነኝ።

ያላጨበጨበች ምሕረት ብቻ ናት። ከድንጋይዋ ስትነሳ ቦርሳው መሬት ወደቀ። ሰዉን በክርኗ እየገፋች አለፈችና ከነጫማዋ፣ ከነቀሚሷ ዘለለች። ያኔም ጥቂት ሰው አጨብጭቧል። ስትወጣ ግን አንገቱን በክንዷ ይዛ በአንድ እጇ ስትቀዝፍ አየንና የሁላችንም እጅ ባለበት ቀረ። ዳር አውጥታ በጎኑ አስተኛችው። ጀርባውን መታችው። ውሃ ወጣው፣ አሳለው፣ ዓይኑን ገለጠ።

«ቀላል...» አለ፤ ሳል አቋረጠው።

«ዋና አትችልም» አለችው። እየጠየቀችው አልነበረም።

«አልችልም።»

«ምጽዋ አራት ዓመት ኖረሃል።»

«ዳር ላይ።»

«እንዋኝ ስልህ ጆሮዬን ያመኛል ትለኝ ነበር።»

«ጆሮዬ ደኅና ነው።»

ከፀጉሯ የሚወርደው ውሃ ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«የሮብ ገበያ ሰው ነኝ፣ ከወገብ በላይ ውሃ ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነኝ ብልሽ ታገቢኝ ነበር?»

«አገባህ ነበር» አለች። «አግብቼህም በሳምንት አስተምርህ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት የምትፈራውን ነገር ነው ቆፍረህ ልታመጣልኝ የነበረው?» ከዚያ አለቀሰች። ምሕረት ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ ያጨበጨብኩበት እጄ አሳፈረኝ።

ልጆቿን አየት አድርጋ ጫማዋን አወለቀችና ማንም ወደማይጠጋው ኩሬ ተመልሳ ገባች። መጀመሪያ በርሜሉን ወደ ዳር ገፋችው። ቀጥላ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ዋኘችው፤ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል። የሞጣ ሰው ትንፋሹን ይዞ ያያታል። ስትወጣ ከንፈሯ በብርዱ ጠቁሯል፤ ፊቷ ግን ቢቸና ሳለች አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር።

ከማግሥቱ ጀምሮ ትምህርት ተጀመረ። ጋሽ ሰይፉን ውሃው ላይ በሆዱ አስተኝታ መዳፏን ከሥሩ ትደግፋለች። የአገሩ ሰው ሥራውን ፈትቶ ኩሬው ዳር ይቀመጣል። አርባ የደረሰ መምህር ሚስቱ እጅ ላይ እንደ ሕፃን ሲንፈራገጥ ማየት ለሞጣ አዲስ ነገር ነው። እሱ አላፈረም። እንዲያውም እየተንፈራገጠ ለተመልካቹ ውሃ ሰው የሚያንሳፍፍበትን ምክንያት ያስረዳል።

«ዝም በል። አፍህን ስትከፍት ነው የምትሰምጠው» ትለዋለች።

«ተማሪዎቼ ይህን ሁሌ ይሉኛል» ይላል፤ ይሰምጣል፤ ታወጣዋለች።

ዳንኤል በሦስተኛው ቀን ዋና ቻለ። ሄለን ገና አራት ዓመቷ ነበር፣ እሷም ትንሽ ተንሳፈፈች። አባትየው ግን ወይ ፍንክች። እጇን ላነሳ ነው ስትለው ብረት ይሆናል፣ ወደ ታች ይሄዳል።

ቅዳሜ ደረሰ። የባሕር ዳሩ መኪና ረፋዱ ላይ መጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። ሻንጣዎቹን አያ ፈንቴ አስቀድሞ አውጥቷቸዋል። እሷን እንድጠራ እኔን ላኩኝ። ወርጄ ሳያት ኩሬው ውስጥ እስከ ደረቷ ቆማለች፤ እጇ ከሆዱ ሥር ነው። ልጆቹ ዳር ላይ ለብሰው ተዘጋጅተዋል። ጋሽ ሰይፉ ያን ጠዋት አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ይቀዝፋል።

«ሲስተር፣ መኪናው መጥቷል» አልኳት።

«ሰማሁ።»

መኪናው ጥሩምባ ነፋ። «ሂድ ልበለው ወይስ ቆይ ልበለው?» አልኳት።

ወደ መንገዱ ቀና አለች። ወደ ልጆቿ አየች። በመጨረሻ እጇ ላይ ያለውን ሰውዬ አየችው። እሱም ዓይኑን ገልጦ ጠበቃት።

«ይሂድ በይው፣ ብርቄ» አለችኝ። «ይሄ ሰውዬ ገና መተንፈስ አልቻለም። እንዲህ አድርጌ ጥዬው የት እሄዳለሁ?»

እየሮጥኩ ወጣሁና ሾፌሩን አሰናበትኩት። ረጅም ስድብ ሰደበኝ፤ ሁሉንም በደስታ ሰማሁት።

ሲስተር ምሕረት የዝውውሩ ቀን አለፈባት፤ ሌላ አልጠየቀችም። በየዓመቱ ጥር ላይ ሁለቱም ሞጣ ይወርዳሉ፣ እኔም አብሬያቸው እወርዳለሁ። ሦስቱን ገንዳ ጎርፍ ወሰዳቸው፤ ኩሬው ቀረ። ትምህርቱ አላለቀም። ሰው ሲያሾፍበት «የደጋ አጥንት ከባድ ነው» ይላል። «ዘንድሮስ ተሻሽሏል?» ብዬ ስጠይቃት ምሕረት ራሷን ትነቀንቃለች። ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ሲገቡም ጣና ዳር ያው ነበሩ ይባላል፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እሷ ቆማ፣ እሱ እጇ ላይ።

እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበረኝ። በሦስተኛው ዓመት ጥር አንድ ማለዳ ልብስ ላጥብ ብቻዬን ወደ ኩሬው ስወርድ ጭንቅላት አየሁ። ጋሽ ሰይፉ ነው። ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር እየዋኘ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ ድካም፣ አፉን ዘግቶ። ሲያየኝ ደንግጦ ወጣ። ውሃው እየተንጠባጠበበት ፊቴ ቆመ። «ብርቄ» አለኝ፣ «እንዳትነግሪያት። ችሏል ካልሻት ትሄዳለች።» ማልኩለት። ይኸው ስንት ዓመት ሆነ፤ ለባሌ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

ሄለን ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። እግዜር ያጽናሽ አልኳት፣ አሜን አለች። ድምጿ ያው የድሮው ነው፣ ቀጥ ያለ። እሱ ከሄደ መሐላው ምን ያደርጋል ብዬ ደፈርኩ። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ» አልኳት። «ጋሽ ሰይፉ ዋና ይችል ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው።»

የተቀየመችኝ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ።

«አውቃለሁ፣ ብርቄ» አለችኝ። «ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ እጄ ላይ አይከብደኝም ነበር።»